ስክሌራል ሌንስ፦ መነጽር ለማይበቃው ዓይን

ኬራቶኮነስ፣ ማለትም ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛ ሽፋን ሳስቶ የሚሾልበት ሕመም፣ የያዘው ሰው ችግሩን ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማታ መብራት ነው። የአንዱ መኪና መብራት ሦስትና አራት ሆኖ ይታየዋል፤ የመንገዱ አምፖል ብርሃን ወደ ጎን ይበታተንበታል፤ ሲያነብ እያንዳንዱ ፊደል ደብዛዛ ጥላ ያስከትላል። መነጽር ይታዘዝለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ይታዘዝለታል። ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል ሳይሆን ሲቀር «ከዚህ በላይ መነጽር አይረዳህም» ይባላል፤ ቀጥሎም የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ይነሣል። በመነጽሩና በቀዶ ሕክምናው መካከል ግን ብዙ ታካሚዎች ስሙን እንኳ ያልሰሙት ሌላ አማራጭ አለ፤ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፈው ትልቅና ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ፣ ስክሌራል ሌንስ። ለንቅለ ተከላ ቀጠሮ የሚያዝለት የኬራቶኮነስ ታካሚ ሁሉ በቅድሚያ ይህ ሌንስ ሊሞከርለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሌንሱ ለኬራቶኮነስ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ እንባው ለደረቀ፣ ቆቡ መከደን ላቃተው፣ በኬሚካል ለተቃጠለ ዓይንም መጠለያ ይሆናል።

ገጹ የጎረበጠ ዓይን

ኮርኒያ የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። የዓይን ባንክ ሰዎች ከሞት በኋላ «የዓይን ብሌናቸውን» እንዲለግሱ ሲጠይቅ የሚፈልገው ይህንኑ ሽፋን ነው። ከዳር እስከ ዳር 12 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን መሃሉ ላይ ያለው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይን ብርሃንን ሰብስቦ ምስል ለመፍጠር ካለው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከዚህ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ የኮርኒያው ገጽ በጥቂቱ እንኳ ቢጎረብጥ ምስሉ ይበላሻል።

በኬራቶኮነስ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ወይም በወጣትነት ሲሆን ዓይንን አጥብቆ ማሸት ያባብሰዋል። መነጽር ሊያስተካክለው የሚችለው ሥርዓት ያለው ጉድለትን ነው። ሩቅ ማየት አለመቻልን፣ ቅርብ ማየት አለመቻልን፣ መደበኛ አስቲግማቲዝምን (ኮርኒያው በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ መጉበጡን) ያቀናል። ኮርኒያው በየነጥቡ ሲለያይ ግን ከዓይን ርቆ አፍንጫ ላይ የተቀመጠ መስታወት የሚያደርገው ነገር የለም። ለስላሳው ኮንታክት ሌንስም ብዙ አይረዳም፤ ስስና ተጣጣፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ጉብታ ተከትሎ አብሮ ይጎብጣል።

ጠንካራ ሌንስ ሥራው የተለየ ነው። ቅርጹን ስለማይለቅ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱንም ፈሳሽ ይሞላዋል። ጎርባጣ መንገድ ላይ ዝናብ ጥሎ ጉድጓዶቹ በውኃ ሲሞሉ ከላይ የሚታየው ገጽ ለጥ ያለ እንደሚሆነው ማለት ነው። ኮርኒያና እንባ ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን በጣም ተቀራራቢ ነው፤ የኮርኒያው 1.376፣ የእንባው 1.336 ነው። በመቀራረባቸው ምክንያት ብርሃኑ ከፈሳሹ ወደ ኮርኒያው ሲያልፍ ጉብታውን አያውቀውም ማለት ይቻላል። ብርሃንን የሚሰበስበው የሌንሱ የፊት ገጽ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የተስተካከለ ነው። መነጽር ተደርቦለትም ከሰንጠረዡ ላይ ትልልቆቹን ፊደላት ብቻ ይለይ የነበረ ሰው፣ የሙከራ ሌንስ በገባለት ቅጽበት የታችኞቹን መስመሮች የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቁ ሌንስ ለምን ይመቻል?

ጠንካራ ሌንስ ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረው በትንሹ ዓይነት ነው። ስፋቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ኮርኒያው ላይ የሚቀመጥ ሌንስ ነው። ብዙ ሰው ረድቷል፣ ዛሬም ይረዳል። ነገር ግን ኮርኒያ በሰውነታችን ውስጥ እጅግ ብዙ የስሜት ነርቭ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በሾለ ኮርኒያ ጫፍ ላይ ጠንካራ ነገር ሲቀመጥና በእያንዳንዱ የቆብ እንቅስቃሴ ሲንሸራተት ይሰማል፣ ይልጣል፣ ውሎ አድሮ ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል። ትቢያ ከሥሩ ሲገባ እንባ እያፈሰሱ መንገድ ላይ መቆም አለ። ነፋሻማ ቀን ላይ ሌንሱ ከዓይን ተፈናጥሮ መጥፋቱም የተለመደ ነው።

ስክሌራል ሌንስ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ኮርኒያውን ሳይነካ በላዩ ያልፍና በነጩ የዓይን ክፍል፣ ማለትም በስክሌራ ላይ ያርፋል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ነጩ ክፍል የኮርኒያውን ያህል ስሜት የለውም። የሌንሱ ጠርዝ ከቆቦቹ ሥር ስለሚደበቅም ቆቡ ሲከደንና ሲገለጥ ጠርዙን አይመታውም። በውስጡ ያለው ክፍተት ከመበላሸት የሚከላከል ኬሚካል በሌለበት የጨው ፈሳሽ ተሞልቶ ስለሚገባ ኮርኒያው ቀኑን ሙሉ በፈሳሽ ውስጥ ይውላል።

ሌንሱን እጁ ላይ አስቀምጠው ሲያሳዩት የማይደነግጥ ታካሚ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ሊገባ ነው ወይ ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ከገባ በኋላ ግን ከትንሹ ሌንስ ይልቅ ትልቁን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። መጠኑን አይቶ ሳይሞክር እምቢ ያለ ሰው ካለ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞክር እለምነዋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይልን። ለውበት ተብሎ የዓይን ቀለም ለመቀየር ያለ ምርመራ የሚሸጠው ባለቀለም ሌንስ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስክሌራል ሌንስ ለአንድ ሰው አንድ ዓይን ተለክቶ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ነው።

ከ130 ዓመት በላይ የቆየ ሐሳብ

ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑ ያስገርማል። የመጀመሪያዎቹ ኮንታክት ሌንሶች በሙሉ ስክሌራል ነበሩ ማለት ይቻላል፤ የተሠሩትም ለበሽተኛ ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 በጀርመኗ ዊስባደን ሰው ሠራሽ ዓይን ይሠሩ የነበሩ የሙለር ቤተሰብ ባለሙያዎች፣ በካንሰር ምክንያት የዓይን ቆቡን ላጣ ሰው ዓይኑ እንዳይደርቅ የሚከላከል ስስ የመስታወት ሽፋን ሠሩ። በቀጣዩ ዓመት በ1888 አዶልፍ ፊክ የተባለ ሐኪም በዙሪክ የመስታወት ሌንሶችን በመጀመሪያ በጥንቸሎች ላይ፣ ከዚያም በራሱ ዓይን ላይ፣ በኋላም በታካሚዎች ላይ መሞከሩን ጽፎ አሳተመ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦዤን ካልት ሌንስን ለኬራቶኮነስ ተጠቀመ። በ1889 ደግሞ አውጉስት ሙለር የተባለ የሕክምና ተማሪ የራሱን ከባድ የሩቅ ዕይታ ችግር ለማረም ሌንስ ሠርቶ በኪል ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር ሊታገሠው የቻለው።

ችግሩ ኦክሲጅን ነበር። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ጥርት ብሎ የሚኖረውም ስለሌለው ነው። የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን በአብዛኛው የሚወስደው በእንባው በኩል ከአየር ነው። መስታወት አየር አያሳልፍም፤ በመስታወት የተከደነ ኮርኒያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውኃ ይቋጥርና ይደበዝዛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ጠንካራ ፕላስቲክ ቀላልና ለመቅረጽ የሚመች ቢሆንም አየር አለማሳለፉ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ኬቪን ቱሂ በአሜሪካ ኮርኒያው ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ትንሽ ሌንስ ሲያስተዋውቅ፣ ትንሹ ሌንስ እየተንቀሳቀሰ ከሥሩ እንባ ስለሚያስገባ ዓለም ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ ትልቁም ተረሳ።

ትልቁ ሌንስ የተመለሰው ሲሊኮንና ፍሎሪን ያለበት፣ ኦክሲጅን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲገኝ ነው። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ኢዝኪየል በ1983 ከዚህ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ስክሌራል ሌንስ ውጤት አሳተመ። በቦስተን ደግሞ ፔሪ ሮዘንታል የተባሉ የዓይን ሐኪም ሥራውን ገፉበት፤ ሌንሳቸውም በ1994 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመሩ የመቁረጫ ማሽኖች ሌንሱን በማይክሮን (በሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ልዩነት ይቀርጹታል።

እንባው ለደረቀ፣ ቆቡ ላልከደነ ዓይን

ስለ ስክሌራል ሌንስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ዕይታ ማስተካከሉ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ሥቃይ ማስታገሡ ነው። እንባ በሌለበት ዓይን ላይ ቆቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኮርኒያውን ይፈትገዋል። ሰውየው ብርሃን ይሸሻል፤ መጋረጃ ዘግቶ ይውላል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጠብታ ይጨምራል፣ ጠብታው ግን ወዲያው ይደርቃል። ስክሌራል ሌንስ ሲገባለት ኮርኒያው ከአየርም ከቆቡም ይለያል፣ በፈሳሽም ተሸፍኖ ይውላል። ሳይድን የቆየ ቁስል አንዳንድ ጊዜ በዚህ መጠለያ ሥር ይሽራል።

ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሱ ሕመሞች ብዙ ናቸው። ሾግረን በሚባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን ያጠቃል። የሌላ ሰው መቅኔ ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ላይ የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን አካል ያጠቃሉ፤ የእንባ ዕጢ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች አንዱ ነው። የፊት ነርቭ ሽባ ሲሆን ቆቡ አይከደንም፣ ኮርኒያውም ቀንም ሌሊትም ይደርቃል። የኖራ፣ የአሲድ ወይም የበረኪና ቃጠሎም የኮርኒያን ጤናማ ሽፋን የሚያድሱትን ሕዋሳት ይገድላል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ነው። በአብዛኛው በመድኃኒት ምክንያት የሚመጣ ከባድ የቆዳና የስስ ሽፋኖች መላጥ ነው። ኮትሪሞክሳዞል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኔቪራፒን ከታወቁት መንስኤዎች መካከል ናቸው። ይህን አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር፤ እንዲህ ያለው ምላሽ እምብዛም አያጋጥምም፣ መድኃኒቶቹም የብዙ ሰው ሕይወት ያቆያሉ። መታወቅ ያለበት ግን በሕይወት የተረፈው ሰው ቆዳው ከዳነ በኋላ ዓይኑ ለዓመታት መታመሙን ሊቀጥል እንደሚችል ነው። የቆቡ ውስጠኛ ጠርዝ ጠባሳ ይዞ ይሻክርና ኮርኒያውን በየቅጽበቱ ይቧጥጠዋል። ስክሌራል ሌንስ በሁለቱ መካከል ገብቶ ይህን መፋተግ ያቆማል። እንዲህ ያለ ታካሚ ከጠብታና ከቅባት ሌላ ምንም የለም ተብሎ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

በአገራችን ከትራኮማ ጋር የሚነሣ ጥያቄም አለ። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛውን የትራኮማ ሸክም ከተሸከሙት አገሮች ቀዳሚዋ ናት። ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይን ፀጉር ኮርኒያውን በሚወጋበት ጊዜ መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሌንስ የእሱ ምትክ አይሆንም። ፀጉሩ ከተስተካከለ በኋላ ኮርኒያው ጎርባጣ ወይም ደረቅ ሆኖ ከቀረ ግን ስለ ሌንስ መጠየቅ ይቻላል። በሥጋ ደዌ የፊት ነርቭ ተጎድቶ ቆባቸው የማይከደንላቸው ሰዎችም ይህ መጠለያ በእጅጉ ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም ያው በሽታ የጣቶችን ስሜትና ጉልበት ስለሚወስድ ሌንሱን በራሳቸው ማስገባትና ማውጣት ይከብዳቸዋል። ኮርኒያቸው ስሜት ያጣ ከሆነ ደግሞ ሌንሱ ሲጎዳቸው አይሰማቸውም። ለእነሱ በየቀኑ የሚያግዝ የቤተሰብ ሰውና ተደጋጋሚ ክትትል ካልተገኘ ሌንሱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያይል ይችላል።

ከንቅለ ተከላ በፊት

እ.ኤ.አ. በ2018 ከቤልጂየም አንትወርፕ የታተመ ጥናት ኬራቶኮነሳቸው በጣም የገፋ ዓይኖችን ተከታትሎ ነበር። ሌላ አማራጭ ባይኖር ኖሮ ንቅለ ተከላ ይደረግላቸው ከነበሩ 51 ዓይኖች መካከል 40ዎቹ በስክሌራል ሌንስ በቂ ዕይታ አግኝተው ከቀዶ ሕክምናው ተርፈዋል። ይህ ቁጥር ለጋሽ ኮርኒያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ከቤልጂየም የበለጠ ትርጉም አለው። በሌንስ ማየት ለሚችል ሰው የዋለ ኮርኒያ፣ ሌንስ ፈጽሞ ለማይረዳው ሌላ ሰው ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

ንቅለ ተከላ ሌንስን ያስቀራል ብሎ የሚያስብ ሰውም ብዙ ነው። የተተከለው ኮርኒያ በስፌት የተያያዘ ስለሆነ ገጹ ብዙ ጊዜ ጎርባጣ ሆኖ ይቀራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ጥርት አድርጎ ለማየት ጠንካራ ሌንስ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም።

ሌንስ የማይፈታው ነገርም አለ። ኮርኒያው መሃል ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጠባሳ ካለ ብርሃኑ ስለማያልፍ ንቅለ ተከላው የግድ ይሆናል። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያው ጠንካራ የሙከራ ሌንስ አስገብቶ ፊደል ያስነብባል። ዕይታው በግልጽ ከተሻሻለ ዋናው ችግር ቅርጽ ነው፤ ካልተሻሻለ ጠባሳው ወይም ሌላ የዓይን ክፍል ነው። ይህ ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ሳይደረግ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ መያዝ የለበትም።

ሌንሱ ኬራቶኮነስን እንደማያቆምም መታወቅ አለበት። ሕመሙ እየገፋ ያለ ወጣት በቅድሚያ ስለ ኮርኒያ ክሮስሊንኪንግ ሐኪሙን ይጠይቅ። በጀርመን ድሬስደን የተጀመረውና በሰዎች ላይ የተገኘው ውጤት በ2003 የታተመው ይህ ሕክምና ኮርኒያውን በሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያጠነክረዋል፣ መሾሉንም በአብዛኞቹ ላይ ይገታል። የጠፋውን ዕይታ ግን በበቂ ሁኔታ አይመልስም። ክሮስሊንኪንጉ መባባሱን ያቆማል፤ ዕይታውን የሚመልሰው ሌንሱ ነው።

ለወላጆች አንድ ቃል። በሙቀትና በአቧራ ወቅት ዓይኑ የሚያሳክከውና ሌት ተቀን የሚያሸው ልጅ «አለርጂ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ሊተው አይገባም። ማሸቱ በራሱ ኮርኒያውን ይጎዳል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ ለወራት የሚጨመረው የስቴሮይድ ጠብታ ደግሞ ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያበርድ ያታልላል፤ በስውር ግን ግላኮማና የዓይን ሞራ ያመጣል።

ልኬቱ

ሥራው የሚጀምረው ኮርኒያውን ነጥብ በነጥብ በሚያነብ መሣሪያ ካርታ በማንሣት ነው። ከዚያ ባለሙያው ከሙከራ ሌንሶቹ አንዱን መርጦ በጨው ፈሳሽና በፍሎረሲን ቀለም ሞልቶ ያስገባዋል። ቀለሙ በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በማጉያ መሣሪያው ብርሃኑን ቀጭን አድርጎ ከጎን ሲያበራ ሦስት ድርቦች ይታያሉ፤ ሌንሱ፣ አረንጓዴው ፈሳሽ፣ ኮርኒያው። የሌንሱ ውፍረት አስቀድሞ ስለሚታወቅ አረንጓዴውን ከእሱ ጋር እያስተያየ የክፍተቱን መጠን ይገምታል። አረንጓዴው ጠፍቶ ጥቁር የሆነ ቦታ ካለ ሌንሱ ኮርኒያውን ነክቷል፤ ያ ሌንስ አይሆንም። ክፍተቱ ሲበዛ ደግሞ ኦክሲጅን እንደ ልብ አይደርስም፤ ምስሉም ይደበዝዛል። የሚፈለገው ሌንሱ ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን ክፍተት ነው።

«ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌንሱ ነጩን የዓይን ክፍል በሸፈነው ለስላሳ ሽፋን ላይ በሰዓታት ውስጥ ጥቂት ዝቅ ይላል። ስለዚህ እንደገባ አይቶ «ተስማማ» ብሎ የሚያሰናብት ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም፤ ታካሚው ለጥቂት ሰዓታት አድርጎት ተመልሶ መታየት አለበት። ጠርዙ ያረፈበት ቦታም ይመረመራል። በነጩ ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጭነው ከነጡ ሌንሱ እዚያ ጋ ጠብቋል። የነጩ ክፍል ጎንና ጎን እኩል ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ጠርዙ በየአቅጣጫው የተለያየ ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ሌንስ ተመልሶ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መሠራቱ የተለመደ ነው።

በዚህ ምክንያት ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ሰዎች ያሳስቡኛል። ሌንሱን ተቀብሎ በማግስቱ አውሮፕላን መሳፈር ግማሽ ሕክምና ነው። የሚጓዝ ሰው ቢያንስ ለማስተካከያ የሚበቃ ጊዜ ይያዝ፤ የሌንሱን ሙሉ ልኬት በጽሑፍ ይቀበል፤ አገር ቤት የሚከታተለውን ሐኪም ከመሄዱ በፊት ያነጋግር።

ጠዋትና ማታ

ማስገባቱ ይከብዳል ተብሎ ብዙ ይፈራል። እጅ በሳሙና ይታጠብና ክር በማይለቅ ንጹሕ ፎጣ ይደርቃል። ሌንሱ በትንሿ የጎማ መያዣ ላይ ይቀመጥና እስከ አፉ በጨው ፈሳሽ ይሞላል። ጠረጴዛ ላይ መስታወት ይጋደማል፤ ሰውየው አገጩን ወደ ደረቱ አቅርቦ ፊቱን ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆን ይደፋል። በአንድ እጁ ጣቶች ሁለቱን ቆቦች በሰፊው ይከፍታል፤ በሌላው ሌንሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያመጣል። ፈሳሹ ዓይኑን ሲነካው ዓይን ለመጨፈን ይታገላል፤ ይህን ጊዜ አለማቆም ነው፤ ጥቂት ገፋ ሲደረግ ሌንሱ ይይዛል። ቆቦቹ ቀስ ብለው ይለቀቃሉ። ፈሳሹ ጠረጴዛው ላይ መፍሰሱ ትክክል ነው፤ የማይፈስ ከሆነ ሌንሱ አልሞላም ማለት ነው። ከዚያ በመስታወት ይታያል። የአየር አረፋ ከተገኘ ወጥቶ እንደገና ይሞላል፤ አረፋው ባለበት ቦታ ኮርኒያው ይደርቃልና።

ሲወጣ መያዣው በፈሳሽ ይረጥብና በሌንሱ የታችኛው ጠርዝ አጠገብ ይለጠፋል። መሃሉ ላይ አይደለም። መሃሉን ይዞ የሚጎትት ሰው መላ ዓይኑን ነው የሚጎትተው፤ ንቅለ ተከላ ላለበት ዓይን ይህ አደገኛ ነው። ጠርዙ ሲነሣ አየር ይገባና ሌንሱ በቀላሉ ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይናደዳል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። አብዛኛው ሰው ግን በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል።

ስለ ውኃ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የቧንቧ ውኃ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ የታሸገ የመጠጥ ውኃ፣ ጠበልም ቢሆን ሌንሱን መንካት የለበትም። በውኃ ውስጥ የሚኖረው አካንታሚባ የተባለ ጥቃቅን ሕዋስ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት የሚወስድና እስከ መታወር የሚያደርስ ሕመም ያመጣል። በቤት ውስጥ ጨው አሟምቶ መሙላትም ፈጽሞ አይሞከርም። ሌንሱ የሚሞላው ለአንድ ጊዜ ብቻ በታሸገ፣ መከላከያ ኬሚካል በሌለበት የጨው ፈሳሽ ነው። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ባክቴሪያ ያራባል። ማታ የሚዘፈዘፍበት ፈሳሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ከሆነ በራሱ ልዩ ማስቀመጫ ውስጥ ለተወሰነው ሰዓት መቆየት አለበት፤ ሳይመክን ዓይን ውስጥ ከገባ ኃይለኛ ቃጠሎ ይሰማል።

ሐኪም በልዩ ምክንያት ካላዘዘ በቀር ሌንሱን አድርጎ መተኛት አይፈቀድም። ተከድኖ የሚያድር ዓይን የሚደርሰው ኦክሲጅን ቀድሞውንም አነስተኛ ነው። ቀትር ላይ ዕይታ ጉም የለበሰ ከመሰለ ከሌንሱ ሥር ቅባትና ቆሻሻ ተጠራቅሟል፤ አውጥቶ አጽድቶ በአዲስ ፈሳሽ ሞልቶ መመለስ ነው። በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ልኬቱ ይታይ። መቅላት፣ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የዕይታ መቀነስ አብረው ከመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌንሱ ወዲያው ይውጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬድ፣ ሌንሱና ማስቀመጫውም ለምርመራ ሊፈለጉ ስለሚችሉ አብረው ይወሰዱ።

ለማን አይሆንም? ዓይኑ በአሁኑ ጊዜ ኢንፌክሽን ላለበት ሰው አይሆንም። የኮርኒያው የውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ቁጥራቸው በጣም ለቀነሰ ሰው፣ በተለይ የቆየ ንቅለ ተከላ ላለበት፣ በብርቱ ጥንቃቄ ይታያል፤ እነዚህ ሕዋሳት አይተኩም፣ ኦክሲጅን ሲያንስም ኮርኒያው ያብጣል። ለግላኮማ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በነጩ ክፍል ላይ የፈሳሽ መውጫ ያለው ሰውም ሌንሱ እዚያ ላይ እንዳይጫን ልዩ ንድፍ ያስፈልገዋል።

ዋጋውና ቀጠሮው

ዋጋው ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የሁለት ዓይን ሌንስ ከልኬቱ ጋር ከ1,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖች ማወቅ ያለባቸው፣ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ለውበት ወይም ለምቾት ብለው የሚመድቡትን ሌንስና «ለሕክምና አስፈላጊ» የሚሉትን ሌንስ ለይተው እንደሚያዩ ነው። የሕመሙ ስም፣ በመነጽር የሚገኘው ዕይታና በሌንስ የሚገኘው ዕይታ በሐኪሙ ተጽፈው ካልቀረቡ ጥያቄው ውድቅ ሊደረግ ይችላል። የመጀመሪያው መልስ እምቢ ቢሆንም ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ለልኬት የሚሄድ ሰው ጠንካራ ሌንስ ያደርግ ከነበረ ከስንት ቀን በፊት ማውለቅ እንዳለበት ደውሎ ይጠይቅ፤ አሮጌው ሌንስ ኮርኒያውን ስለሚጫነው ካርታው ይዛባል። የቀድሞ የኮርኒያ ካርታዎች፣ የመነጽር ትእዛዞች፣ የሚጠቀምባቸው ጠብታዎች ሁሉ ይያዙ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ያለ ሌንስ ቅርቡን የማያይ ከሆነ በቤት የሚያግዘው ሰው አብሮት ይሂድና ማስገባቱንና ማውጣቱን እዚያው ይማር። ሁለቱም በገዛ እጃቸው አስገብተው አውጥተው ሳያሳዩ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮም ሳይያዝ ሌንሱን ይዘው አይውጡ።